ክፍት ማኅበራዊ መረቦችና ታላላቅ ኩባንያዎች፦ የመገናኘት ጥያቄ ከጌዴኦ ሲታይ

ማኅበራዊ መረብ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በአንድ ኩባንያ ሥር የሚተዳደር አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ማስቶዶን ግን ከዚህ ይለያል፤ ማኅበራት፣ ተቋማትና ግለሰቦች የየራሳቸውን ሰርቨር አቁመውና ደንብ አውጥተው በአንድ የጋራ የመልእክት ሥርዓት ይገናኙበታል። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በ2023 ያቋቋመውን ትሬድስን ከዚሁ ሥርዓት ጋር ማገናኘት በመጀመሩ፣ ክፍቱ መረብ ግንኙነቱን ይቀበል ወይስ ይዝጋ የሚል ክርክር ተነሥቷል።

ደጋፊዎች ክፍቱ መረብ የጥቂቶች መነጋገሪያ ሆኖ እንዳይቀር ይሠጋሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ የጎግልን ምሳሌ ይጠቅሳሉ፤ ጎግል ቶክ በ2006 ከሌሎች ክፍት የመልእክት ሰርቨሮች ጋር ተገናኝቶ፣ በ2013 ኩባንያው ወደ አዲስ አገልግሎት ሲዞር ግንኙነቱን ትቶታል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ድክመታቸው ጥያቄውን በር በመክፈትና በመዝጋት መወሰናቸው ነው፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ በእጅ ምን ይቀራል የሚለውን አልመረመሩም።

ይህ ጥያቄ ለጌዴኦ እንግዳ አይደለም። የይርጋ ጨፌ ቡና ያለ ታላላቅ ገዢዎች ሰፊ ገበያ አያገኝም። ሆኖም ኢትዮጵያ በ2005 የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ፣ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ክርክር በ2007 በስምምነት ሲያበቃ የስሞቹ ባለቤትነት ታውቆላታል። ንግዱ አልተቋረጠም፤ ስሙም አልተለቀቀም። ምሳሌው ግን ወሰን አለው። ቡና ሲሸጥ ከእጅ ይወጣል፤ ጽሑፍ ግን ቢላክም ዋናው በላኪው ዘንድ ሊቀር ይችላል፤ አስቀድሞ ከታሰበበት።

ይህም በጌዴኡፋ ለሚዘጋጁ ተረቶች፣ የቃላት ስብስቦችና መልመጃዎች ዐቢይ ጉዳይ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2023 ፌስቡክና ቴሌግራም በኢትዮጵያ በታገዱ ጊዜ፣ የማስተማሪያ ጽሑፉን በዚያ ብቻ ያኖረ መምህር ሊያገኘው ይቸገር ነበር። ሰበቡ የኩባንያ ውሳኔ ባይሆንም፣ ትምህርቱ አንድ ነው።

ስለዚህ መገናኘቱ ይደገፋል፤ ነገር ግን በሦስት ቅድመ ሁኔታዎች። አንደኛ፣ የጽሑፉ ዋና ቅጂ በአዘጋጁ ተቋም ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ተጠቃሚው ጽሑፉንና የወዳጆቹን ዝርዝር ይዞ መውጣት ይቻለው። ሦስተኛ፣ የተማሪዎች ስምና ምስል ወደ ኩባንያው አይተላለፍ። በዲላም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚሠለጥን መምህር እነዚህን ሳይማር ስለ መረብ አጠቃቀም ብቻ ቢሠለጥን፣ ሥልጠናው ጎደሎ ይሆናል።