ሁለት አሃዝ ብቻ የሚያውቅ ሰዓት

አምስተርዳም በሚገኘው ቭራየ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር አንድሪው ታነንባም እ.ኤ.አ. በ1987 ሚኒክስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለተማሪ ሲያቀርቡ፣ በየጠረጴዛው ካለው ኮምፒውተር ቀኑን የሚያውቀው ሁሉም አልነበረም። በ1981 የወጣው አይቢኤም ፒሲ በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ስላልነበረው ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ቀንና ሰዓቱን የሚነግረው ተጠቃሚው ነበር።

በ1984 የመጣው የአይቢኤም ኤቲ ግን መብራት ቢጠፋም መቁጠሩን የማያቆም የሞቶሮላ ቺፕ ይዞ ነበር። ቺፑ ካለው 64 ባይት ውስጥ 14ቱ የሰዓቱ ናቸው። ለዓመቱ የደረሰው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ 87 ይላል እንጂ የየትኛው መቶ ዓመት 87 እንደሆነ አይናገርም።

ይህን ሰዓት ማንበብ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቺፑ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱን አሃዝ በአራት ቢት ለይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ 26ን እንደ ተራ ቁጥር ያነበበ ፕሮግራመር 38 ያገኛል። ሌላው ችግር ጊዜው ነው። ሰዓቱ 10 ተብሎ በተነበበ ቅጽበት ቺፑ ከ10:59:59 ወደ 11:00:00 ቢሻገር፣ ደቂቃው 00 ሆኖ ይነበብና ኮምፒውተሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላ ይቀራል። የሚኒክሱ ሰዓት ማንበቢያ ፕሮግራም ሪድክሎክ ለዚህ ነው ሰከንዷ እስክትለወጥ ጠብቆ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ የሚያነበው።

የመቶ ዓመቱ ነገር ግን በጥንቃቄ ብቻ አይፈታም፤ ሰው መወሰን አለበት። የሚኒክስ ሰዎች ከ80 በታች የሆነውን ዓመት ሁሉ በ2000ዎቹ ቆጠሩት፤ ይህ እስከ 2080 እንደሚያገለግልም እዚያው ኮዱ ውስጥ ጻፉ።

ከ1999 አልፈው መሄድ ለማይችሉ ማሽኖች ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበራቸው፦ ሰዓቱ 1980 ሲል 2000 ብሎ መውሰድ፣ ማለትም 20 መጨመር። ጳጉሜ 6ን በየአራት ዓመቱ የሚጠብቅ አንባቢ የቁጥሩ ምርጫ ይገባዋል፤ 20 ለአራት ስለሚካፈል ፌብሩዋሪ 29 ቦታውን አይለቅም። የሳምንቱ ቀናት ግን ይዛነፋሉ። ይህም መፍትሔ እስከ 2020 ብቻ እንደሚሠራ በኮዱ ተጽፏል።

ዛሬ እንዲህ ያለ ማሽን ከመጋዘን የሚያወጣ ባለሙያ 20ውን በ40 ቢተካ ቺፑን እስከ 2039 መጨረሻ ሊያቆየው ይችላል። ነገር ግን የድሮው ሚኒክስ ጊዜን ከ1970 ጀምሮ በሰከንድ የሚቆጥርበት ባለ 32 ቢት ቁጥር ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ስለሚሞላ፣ ከቺፑ ቀድሞ የሚያቆመው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ነው።