ስለ ጠባብ ክፍልና ስለ ልከኛ ኑሮ

ትልቁን ነገር ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ ማድነቅ የታወቀ የሰው ድካም ነው። ትንሹን ነገር ትንሽ ስለ ሆነ ብቻ ማድነቅ ግን አዲስ ድካም ስለ ሆነ ገና በደንብ አልታወቀም። በቀድሞ ዘመን ባለጸጋ ሀብቱን የሚያሳየው በሰፊ አዳራሽ፣ በወርቅ ቅብ ወንበርና በወፍራም መጋረጃ ነበር። ዛሬ ግን በታላላቆቹ ከተሞች ባዶ ግድግዳና ጠባብ ክፍል የጨዋነት ምልክት ሆነው ይታያሉ፤ ዕቃ ያላበዛ ሰውም አስተዋይ ይባላል። ይህ ለውጥ መልካም ነውን? ነገሩን እንዲያው በደፈናው ከመመርመር አንድ የታወቀ ምሳሌ ይዞ ማየት ይሻላል። ምሳሌያችንም በሎንዶን ከተማ በስተምሥራቅ፣ ሾርዲች በሚባለውና ወጣቶች በሚያዘወትሩት ሰፈር የሚገኘው፣ ዋጋው መካከለኛ፣ ክፍሉ ጠባብ፣ ጌጡም ጥቂት የሆነው የሆቴል ዓይነት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ባለው ሆቴል የሚያድር ሰው የሚያገኘው ይህን ነው። ክፍሉ 14 ካሬ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። አልጋው ብዙ ጊዜ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለሚደርስ የሚወጣበት በግርጌው በኩል ነው። ቁም ሣጥን የለም፤ በምትኩ ጥቂት የልብስ መስቀያዎች ከግድግዳው ላይ ተተክለዋል፤ ሻንጣውም ከአልጋው ሥር ይገባል። መታጠቢያው በመስተዋት የተከለለ ጥግ ነው። ጣሪያው ያልተለሰነ ሲሚንቶ ነው፤ ይህም ገንዘብ ስላነሰ ሳይሆን እንዲያምር ተብሎ የተደረገ ነው። ከታች ደግሞ ከክፍሉ ጥበት ጋራ የማይመጣጠን ሰፊ አዳራሽ አለ፤ በዚያም ረጅም ጠረጴዛ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ቡናና መጠጥ የሚሸጥበት ባንኮኒ ይገኛል። በብዙዎቹም ዘንድ እንግዳውን በመጀመሪያ የሚቀበለው ሰው ሳይሆን መሣሪያ ነው፤ እንግዳው ስሙን በጣቱ ይጽፋል፣ ሂሳቡን ይከፍላል፣ የክፍሉን መክፈቻ ካርድም ራሱ ይወስዳል።

ፈራጅ የሆነ ሁሉ አስቀድሞ መልካሙን መናገር ይገባዋልና እኛም ከዚያ እንጀምር። ጠባብ ክፍልን ያመጣው ስስት ብቻ አይደለም። ኤልስዎርዝ ስታትለር የተባለ አሜሪካዊ በ1908 በበፋሎ ከተማ ሆቴል ሲከፍት፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን መታጠቢያ ሰጥቶ ዋጋውን ከአንድ ዶላር ተኩል አስጀመረ። በዚያ ዘመን በሆቴል ውስጥ የግል መታጠቢያ ማግኘት የባለጸጎች ዕድል ነበር። እርሱ ግን የሁለት ጎረቤት ክፍሎችን መታጠቢያ ጀርባ ለጀርባ አድርጎ ቧንቧዎቹን በአንድ መስመር ስላሳለፋቸው ወጪው ቀነሰ፤ በቀነሰውም ወጪ ተራው መንገደኛ ተጠቀመ። በ1979 ደግሞ ጃፓናዊው የሕንፃ ነዳፊ ኪሾ ኩሮካዋ በኦሳካ ከተማ የነደፈው ሆቴል ተከፈተ፤ በዚያ ለእንግዳው የሚሰጠው ክፍል ሳይሆን እንደ ሣጥን ያለች መኝታ ነበረች። እንዲህ ያለችው መኝታ በሥራ አምሽተው የመጨረሻው ባቡር ላመለጣቸው ሠራተኞች ታላቅ መጠጊያ ሆነች። በ2007 ዮቴል የተባለው በሎንዶን ጋትዊክ አየር ማረፊያ፣ የአውሮፕላንን የአንደኛ ማዕረግ መቀመጫ አብነት አድርጎ ጠባብ ክፍሎችን ከፈተ። በ2008 ሲቲዝንኤም የተባለው በአምስተርዳም አየር ማረፊያ ተከተለ፤ ክፍሎቹም በፋብሪካ ተሠርተው እየመጡ አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረደሩ ነበሩ። ይኸው ድርጅት በ2016 በሾርዲችም ሆቴል ከፈተ።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው አንድ ቅን ሐሳብ አለ። ይኸውም ሌሊቱን ለመተኛት ብቻ ክፍል የሚፈልግ መንገደኛ፣ ለማይቀመጥበት ወንበርና ለማይከፍተው ቁም ሣጥን ገንዘብ መክፈል አይገባውም የሚል ነው። ንጹሕ አንሶላ፣ ደኅና ፍራሽ፣ ሙቅ ውሃና ጸጥታ ካገኘ ይበቃዋል። የማይረባውን ጌጥ አስወግዶ የሚረባውን በተገቢ ዋጋ የሚሰጥ ባለሆቴል ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይገባውም።

ነገር ግን መቀነስ ሁለት ዓይነት ነው። ዕቃን መቀነስ አለ፤ ሰውንም መቀነስ አለ። ሁለቱም ባዶ ቦታ ስለሚተዉ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለልብ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። የዚህ ዓይነቱን ሆቴል ልከኛነት የምንመዝነው እንግዲህ በዚህ ሚዛን ነው።

ዕቃን ብቻ ለቀነሰ ክፍል ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የታወቀው የሕንፃ ነዳፊ ለኮርቡዚዬ ነው። ይህ ሰው በደቡብ ፈረንሳይ በሮክብሩን ካፕ ማርታን፣ በባሕሩ አጠገብ፣ በ1951 ነድፎ በ1952 ለራሱ የእንጨት ጎጆ ሠራ። የጎጆዋ ጎኖች እያንዳንዳቸው 3 ሜትር ከ66 ሳንቲሜትር ነበሩ። ወጥ ቤት አልነበራትም፤ ነገር ግን አጠገቧ ካለችው ትንሽ ምግብ ቤት የምታገናኝ በር ነበረቻትና ባለቤቱ ምግቡን የሚበላው ከዚያ ነበር። እንግዲህ የጎጆዋ ጥበት ሰውየውን ከሰው አልለየውም፤ ይልቁንም በየዕለቱ ወደ ጎረቤት አስወጣው። ዕቃው ቀነሰ፤ ሰው አልቀነሰም።

የሆቴሉም ሰፊ አዳራሽ ለዚሁ የታሰበ ነው ይባላል፤ ክፍሉ የጠበበው እንግዶች ወርደው እንዲገናኙ ነው ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ወደ አዳራሹ የወረደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው፣ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ፣ ጆሯቸውን በማዳመጫ የደፈኑና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መስኮት የሚመለከቱ ሰዎችን ነው። ጠረጴዛው አንድ ሆነ እንጂ ማዕዱ አንድ አልሆነም። ሰውን ከሰው የሚያገናኘው የጠረጴዛው ርዝመት ሳይሆን፣ የሚያስተዋውቅ አስተናጋጅ ነውና።

በአገራችን ገጠር የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ይቀበለው ነበር። ይህን ስናነሣ ጭሱንና ቁንጫውን ረስተን አይደለም። የዚያ ቤት መደብ ከሆቴሉ አልጋ የሻከረ፣ ቤቱም ብዙ ጊዜ ለቤተሰቡ እንኳ የማይበቃ ነበር። ሆኖም እንግዳው እግሩን ይታጠባል፤ ከየት እንደ መጣ ይጠየቃል፤ ሌሊት ቢታመም ቤተሰቡ ሁሉ ይነሣለታል። በዚያ ቤት የሌለው ዕቃ ነበር፤ በሆቴሉ ግን የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነው።

ምናልባት አንድ ወጣት አንባቢ፣ «ከረጅም መንገድ ደክሞኝ ስመጣ የምፈልገው ቁልፍ እንጂ ወሬ አይደለም፤ መሣሪያው ቶሎ ስላሳለፈኝ ደስ ይለኛል» ይል ይሆናል። እውነት አለው፤ እንግዳን ያለ ፈቃዱ በወሬ ማድከም መስተንግዶ አይደለም። ከእነዚህም ሆቴሎች አንዳንዶቹ በመሣሪያው አጠገብ የሚረዳ ሰው ማቆማቸውን መካድ አይገባም። ጥያቄው ግን ስለ ወሬ አይደለም። ነገሩ ሁሉ በደኅና ሲሄድ መሣሪያ ይበቃል፤ ካርዱ አልከፍት ሲል፣ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው፣ ከቤት የሞት መርዶ ሲመጣ ግን «እኔ አለሁ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያን ሰው ለሁልጊዜ የቀነሰ ቤት ጌጥን አልቀነሰም፤ ኃላፊነትን ቀነሰ እንጂ።

ሁለተኛው ነቀፋ ስለ ሰፈሩ ነው። ሾርዲች ብዙ ጊዜ ተነቅሎ የተተከለ ሰፈር ነው። ጄምስ በርቤጅ በ1576 «ቲያትር» የተባለውን የታወቀ ቤቱን የሠራው በዚያ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ እንጨቱ ተፈታና ከወንዙ ማዶ ለተሠራው ለግሎብ ቲያትር ዋለ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሰፈሩ የአናጢዎችና የወንበር ሠሪዎች መንደር ሆነ። በዚያው አጠገብ ኦልድ ኒኮል የተባለ፣ ወደ 5,700 የሚጠጉ ድኾች የኖሩበት የተጨናነቀ መንደር ነበር። የከተማው ምክር ቤት መንደሩን አፍርሶ በምትኩ የተሻሉ ቤቶችን ሠራና በ1900 ተመረቁ። ቤቶቹ ዛሬም የሚያምሩ ናቸው፤ የፈረሰው መንደር ፍርስራሽም ተከምሮ በመካከላቸው ያለው ክብ ጉብታ ሆኗል። ነገር ግን ኪራዩ ከአቅማቸው በላይ ስለ ነበረ፣ ከቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ወደዚያ የተመለሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ቤቱ ተሻሻለ፤ ባለቤቱ ግን ተቀነሰ።

ይህ ነገር በዘመናችንም በሌላ መልክ ተደግሟል። የዕደ ጥበቡ ሥራ ሲጠፋ መጋዘኖቹ ባዶ ቀሩ፤ በ1990ዎቹ ዓመታት ሠዓሊዎች በርካሽ ኪራይ ገቡባቸው፤ ሠዓሊዎቹን ቡና ቤቶች፣ ቡና ቤቶቹን ሆቴሎች ተከተሏቸው፤ ኪራዩም ሠዓሊዎቹን ራሳቸውን እስኪያስወጣ ድረስ ወጣ። ለዚህ ዓይነቱ ለውጥ «ጄንትሪፊኬሽን» የሚለውን ስም በ1964 ያወጣችው ሩት ግላስ የተባለች የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ስትሆን፣ ያወጣችውም ስለዚህችው ስለ ሎንዶን ስትጽፍ ነበር። በዚህ ሁሉ ሆቴሉን ብቻውን ጥፋተኛ ማድረግ ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ ሆቴል የሚመጣው ሰፈሩ ከተወደደ በኋላ ነውና። ነገር ግን አናጢው ከሄደበት ሰፈር የአናጢውን መጋዝ ከግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጌጥ ማድረግ፣ ጌጥን የጣለ ቤት ሊመካበት የሚገባ ነገር አይደለም። ከጌጥ ሁሉ የከፋ ጌጥ፣ የተሰናበተ ሰው መሣሪያ ነው።

ከሾርዲች ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በኪንግስላንድ መንገድ፣ በ1714 የተሠሩ የምጽዋት ቤቶች አሉ። ያሠራቸው የሮበርት ጀፍሪ ኑዛዜ ነው፤ በዚያም ለእያንዳንዱ ችግረኛ አረጋዊ አንዳንድ ክፍል ይሰጥ ነበር። ጀፍሪ ገንዘቡን በባሪያ ንግድ ያዋለ ሰው ስለ ነበረ ምጽዋቱን እንዲያው ዝም ብለን አናመሰግንም። ይህም ራሱ የያዝነውን ጥያቄ ያጸናዋል፤ የክፍሉን ንጽሕና ብቻ ያየ ሰው ክፍሉ በማን ላይ እንደ ተሠራ አያውቅምና። ቤቶቹ ዛሬ የመኖሪያ ቤት ታሪክ የሚታይባቸው ሙዚየም ናቸው። በአንድ ሰፈር እንግዲህ ሁለት ጠባብ ክፍሎች አሉ፤ አንደኛዋ ሌላ መጠጊያ ላልነበረው የተሰጠች፣ ሁለተኛዋ በቤቱ ሰፊ ክፍል ላለው የምትከራይ። ስፋታቸው ቢቀራረብም ትርጓሜያቸው አንድ አይደለም።

ሦስተኛው ነቀፋ ሆቴሉን ሳይሆን እንግዳውን የሚመለከት ነው። በ2025 ማሪዮት የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ የሲቲዝንኤምን የንግድ ስም በ355 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ንግድ ነው። ነገር ግን ጥቂት ዕቃ ያለበት ክፍል ራሱ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ሸቀጥ መሆኑን ያስረዳናል። እንግዲህ በዚያ ክፍል ሦስት ሌሊት ያደረ ሰው ልከኝነትን ተከራየ እንጂ ልከኛ አልሆነም። በቤቱ የማይለብሰው ልብስ ተከምሮ፣ የማይጠቀምበት ዕቃ ሣጥን ሞልቶ ሳለ፣ ባዶውን ግድግዳ ፎቶግራፍ አንሥቶ «ኑሮዬ ቀላል ነው» ቢል ራሱን ያታልላል። ባዶ ክፍል የሚያስተምረው፣ ወደ ቤቱ ተመልሶ አንድ ትርፍ ልብስ ለታረዘ የሰጠውን ሰው ነው።

ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ወደፊት ብዙ እንዲህ ያሉ ክፍሎች ታያለህ፤ አንቺም ታያለሽ። በሆቴል ብቻ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱም፣ ሱቁም፣ ሐኪም ቤቱም በዚሁ መልክ እየተሠሩ ነው። ጠባብ ናቸው ብላችሁ አትናቋቸው፤ ንጹሕና ባዶ ናቸው ብላችሁም ወዲያው አታመስግኗቸው። አስቀድማችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ ምን ተቀነሰ? ማንስ ተቀነሰ? የተቀነሰው ወንበርና መጋረጃ ከሆነ ደስ ብሏችሁ ግቡ፤ ዋጋውም ተገቢ ከሆነ ክፈሉ። የተቀነሰው ሰው ከሆነ ግን በምትችሉት መጠን መልሱት። አንሶላውን የምትለውጠውን ሴት በስሟ ጥሩ፤ ሰላምታም ስጧት። ቁርሳችሁን ከአዳራሹ ባንኮኒ ብቻ ሳይሆን ከቀድሞ ጀምሮ በሰፈሩ ከቆየው ትንሽ ሱቅም ግዙ። በረጅሙ ጠረጴዛ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ብቻውን መሆኑን ካያችሁ፣ ማዳመጫውን ከጆሯችሁ አውጡና ደኅና እንደ ሆነ ጠይቁት። ይህን ለማድረግ ከ14 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ቦታ አያስፈልግም።