ጧሪን በስጦታ፣ ወይስ በኑዛዜ?

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የምዕራብ ጎጃም ገጠር ቀበሌዎች አረጋውያንን በውርስ ጉዳይ ማማከር የጀመረ ወጣት የሕግ ባለሙያ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ፣ የእርሻ ይዞታን ለልጅ በስጦታ ማስተላለፍ እየተቻለ አራት ምስክር ሰብስቦ ኑዛዜ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ስጦታው በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሲመዘገብ ልጁ በስሙ ደብተር ያወጣል፣ ወላጁም ጧሪ ቀባሪ አገኘሁ ብሎ ያርፋል ተብሎ ይታሰባል። በሥራው ላይ የቆዩ ባለሙያዎች እንኳ ይህን መንገድ ይመክራሉ፤ የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን መንገዱ ወላጅን ይጎዳል የሚል ነው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት፣ ማለትም መሬቱን የመጠቀም፣ የማከራየትና የማውረስ መብት ነው፤ የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009ም ይህንኑ በዝርዝር ይደነግጋል። ስጦታ ይህን መብት ዛሬውኑ ከወላጅ እጅ ያወጣዋል፤ ልጁ ነገ ቢያገባ፣ ወደ ከተማ ቢሰደድ ወይም ፊቱን ቢያዞር፣ ወላጁ መሬቱን ለማስመለስ በስተርጅና ችሎት መመላለስ ይኖርበታል። ኑዛዜ ግን የሚጸናው ከሞት በኋላ ስለሆነና ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ ሊሽረው ስለሚችል፣ አረጋዊው በገዛ ማሳው ላይ ባለቤት ሆኖ ይከርማል። በዚያ ላይ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት፣ ማለትም ለመኖሪያ የሚያስፈልገውን የማሟላት ግዴታ ያለበት መሬት ስለተሰጠው አይደለም፤ መሬቱን አስቀድሞ የሚሰጥ ወላጅ ሕጉ በነጻ የሰጠውን መብት በመሬቱ እየገዛ ነው።

ዋናው ነገር ግን የኑዛዜው አጻጻፍ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል፤ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሕፈት የሚሆንና በቃል የሚነገር። በገጠሩ የተለመደው ሦስተኛው ሲሆን፣ ታማሚው በመጨረሻዋ ሰዓት በነፍስ አባቱና በጎረቤት ፊት ቃሉን ይሰጣል፤ የሚሰማው ሁሉ ቃሉ እንደሚጸና ያምናል። ሕጉ ግን በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል ለሚነገር ኑዛዜ የፈቀደው የቀብርን ሥርዓት፣ የትንንሽ ልጆችን ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታን ብቻ ነው፤ ይህ ገንዘብ ዛሬ የአንድ በግ ዋጋ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ይዞታውን ለማውረስ የሚሻ፣ በተለይም መጻፍ የማይችል አረጋዊ፣ በአንቀጽ 881 የተደነገገውን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ መያዝ አለበት። ይህ ኑዛዜ በማንም ሰው እጅ ሊጻፍ ይችላል፤ ነገር ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡና ይህም መፈጸሙ ከነቀኑ በጽሑፉ ውስጥ መገለጹ የግድ ነው፤ ካልተገለጸ ኑዛዜው ፈራሽ ይሆናል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በችኮላ በሚዘጋጁ ወረቀቶች ላይ የአራት ሰው ፊርማ ተደርድሮ፣ «ተነቦልን ሰምተናል» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ስትጎድል፣ ወንድማማች ለዓመታት ይካሰሳል።

ሌላው ተደጋጋሚ ስሕተት የባልና ሚስት ነው። ደብተሩ የሁለቱንም ስም ስለሚይዝ በአንድ ወረቀት አብረው መናዘዝ ተገቢ መስሎ ይታያቸዋል፤ ሕጉ ግን ብዙ ሰዎች በአንድ ሰነድ የሚያደርጉትን ኑዛዜ አይቀበልም። ሁለት ወረቀት ሊጻፍ፣ እያንዳንዳቸውም ስለ ገዛ ድርሻቸው ብቻ ሊናገሩ ይገባል።

ንባቡን እንደ ተራ ሥርዓት የሚያየው ባለሙያ የሙያውን ልብ አላገኘውም። የአረጋዊው ቃል ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አብሮት በመጣው ወንድ ልጅ አፍ ሲሆን፣ ወደ ሩቅ ቀበሌ የተዳረችው፣ ወይም ባሏን ፈትታ ተመልሳ እናቷን የምታጥበውና የምታጎርሰው ሴት ልጅ ከዝርዝሩ ትወጣለች። ልጆቹ ደጅ ቆይተው ጽሑፉ ጮክ ተብሎ በዝግታ ሲነበብ ግን እናቲቱ አንገታቸውን ቀና አድርገው «የልጄ ስም አልተጠራም» ይላሉ፤ ወረቀቱም እንደገና ይጻፋል። በዚህ ሥራ ለኖረ ሰው ከክፍያውም፣ በችሎት ከሚገኘው ድልም የሚበልጠው ይህች ቅጽበት ናት፤ ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሰው ሲናገርለት የኖረ ገበሬ የራሱን ፈቃድ በራሱ ጆሮ የሚሰማው፣ ልክ አይደለም ብሎም የሚያቆመው እዚህ ላይ ነውና።

አንዳንዱ አረጋዊ ከመኸር በኋላ ተመልሶ ሐሳቤን ለውጫለሁ ይላል። ባለሙያው ሳይሰለች ሌላ መጻፍ፣ የቀድሞውም መሻሩን በአዲሱ ላይ በግልጽ ማስፈር፣ አራቱንም ምስክሮች እንደገና ጠርቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ ይኖርበታል።