ራስና ቁመት በሥዕላችን

በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ላይ ዘወትር ከሚሰነዘሩት ነቀፌታዎች አንዱ «ራሱ ለቁመቱ በዛ» የሚለው ነው። ነቀፌታው በሥዕል መምህራን ዘንድ ሳይቀር ይደመጣል። ሆኖም ፍርዱ የተሰጠበት ልክ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የአንድ ጎልማሳ ቁመት የራሱን ርዝመት 7 ጊዜ ተኩል ያህል ነው፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ከ4 ራስ ያህል አያልፍም። ግሪካዊው ሊሲጶስ ሐውልቶቹ ረጅም መስለው እንዲታዩ ሲል ከቀደምቶቹ ይልቅ ራስን አሳንሶ ቀረጸ። ሮማዊው ቪትሩቪየስ ደግሞ ራስ የቁመት አንድ ስምንተኛ መሆኑን ደነገገ። እንግዲህ «ትክክለኛ» የተባለው ልክ በዚያው በአውሮፓ እንኳ የምርጫ ውጤት ነበር።

በናይጄሪያ የኢፌ ቀራጮች ሙሉ ሰውን ሲሠሩ ራሱን የቁመቱ አንድ አራተኛ ያህል ያደርጉታል። እነዚሁ ጠቢባን ከነሐስ ያወጧቸው ፊቶች ግን ሕያው ሰው ይመስላሉ። ስለዚህ የልኩ ምክንያት የችሎታ ማነስ ሊሆን አይችልም፤ በዮሩባ እምነት «ኦሪ»፣ ማለትም ራስ፣ የሰው ዕጣ ፈንታ ማደሪያ ነውና።

የእኛስ ቋንቋ ምን ይላል? «ራስ» የአካል ክፍል ነው፤ ሰውየው ራሱም ነው፤ የመኳንንት ማዕረግም ነበር። ሠዓሊዎቻችንም ይህንኑ በቀለም ተናግረዋል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የተደረደሩት መላእክት ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው፤ ቁመት ጨርሶ ቀርቷል። ጻድቁ በሁለት ሰፋፊ ዓይኖቹ ተመልካቹን ፊት ለፊት ሲያይ፣ ከሐዲው በጎኑ ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። እዚህ ላይ የሚለካው የሰው ሥጋ ሳይሆን የሰው ማንነት ነው።

ይህ ማለት ግን ትልቅ ራስ ሁሉ ጥበብ ነው ማለት አይደለም። ዛሬ ለጎብኚዎች ገበያ በብራና ላይ ከሚባዙት ሥዕሎች ብዙዎቹ የአባቶችን ልክ ወርሰው ምክንያቱን ጥለዋል። ራሱ ገዝፏል፤ ዓይኑ ፈጧል፤ የሚያየው ነገር ግን የለም። ይዘቱን ያጣ ቅርጽ፣ የቱንም ያህል አገርኛ ቢመስል፣ ባዶ ቅል ነው።

ስለሆነም የሥዕል መምህር ተማሪውን 7 ራስ ተኩልን ማስተማሩ ተገቢ ነው፤ የአካልን ልክ የማያውቅ ሠዓሊ ልክን አስቦ ሊተው አይችልምና። ነገር ግን የተማሪውን ሥራ በቀይ እርሳስ ከማረሙ በፊት «ይህን ራስ ያገዘፍከው ስለ ምን ነው?» ብሎ ይጠይቀው። መልስ ያለው ሥዕል ይቁም፤ መልስ የሌለው ይታረም።