ፈጥኖ ስለሚያልፍ ነገር የምንናገርባቸው ቃላት፦ ከ«ኀላፊ ጠፊ» እስከ «ውልብ»

የዚህን ዓለም አለመጽናት ለመግለጽ ብዕሩን ያነሣ የአማርኛ ጸሓፊ፥ የቀብር ንግግር የሚያሰናዳም ቢሆን የምክር መጽሐፍ የሚደርስ፥ ከሞላ ጐደል ወደ ሦስት ቃላት ብቻ ይሄዳል፤ እነርሱም «ኀላፊ»፣ «ጠፊ» እና «ከንቱ» ናቸው። ከመጽሐፈ መክብብ ትርጓሜና ከመጽሐፈ ግንዘት የወረስናቸው፥ በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና በዘመን ጓደኞቻቸው ብዕርም ክብደታቸውን ያልጣሉ ቃላት ናቸውና ክብራቸውን አልነፍግም። ነገር ግን የአንድን ድርሰት ጥልቀት በእነዚህ ቃላት መመዘን ልማድ ከሆነ ወዲህ፥ አማርኛ ፈጥኖ የሚያልፈውን ነገር የሚይዝባቸው እጅግ የረቀቁት ቃላት ከጨዋ ጽሑፍ ተገፍተው የጓዳና የመንገድ ቃላት ብቻ መስለው ቀርተዋል፤ ይህን ፍርድ ስሑት ነው እላለሁ።

የሦስቱ ቃላት ጉድለት፥ ስለሚያልፈው ነገር ዋጋ ፍርድ ይሰጣሉ እንጂ እንዴት እንዳለፈ አለመናገራቸው ነው። በመክብብ የዕብራይስጥ ንባብ ዘንድ እስትንፋስና ተን የነበረው ቃል በግእዙ «ከንቱ» ሲሆን፥ በብርድ ጧት ከአፍ ወጥቶ የሚበተነው ትንፋሽ ጠፍቶ ፍርዱ ብቻ ቀርቷል። «ቅጽበት» በዚህ ረገድ ይሻላል፤ «ቀጸበ» ማለት በዐይን ጠቀሰ ማለት ነውና፥ ቃሉ ጊዜን የሚለካው በሰው ገላ ነው። «ጊዜያዊ» ግን ደረቅ የመዝገብ ቤት ቃል ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የተሠየመው ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት ይህን ስም ይዞ 13 ዓመት መግዛቱ፥ ቃሉ በራሱ ምንም የማለፍ ስሜት እንደሌለው በቂ ማስረጃ ነው።

የ«ኀላፊ» ሥር የሆነውን «አለፈ»ን እንኳ ሕዝቡ ከመምህራኑ ይልቅ በስፋት ተገልግሎበታል። «አለፍ አለ» ጥቂት መራቅን፣ «አለፍ አለፍ እያለ» እየዘለሉ መሄድን ያመለክታል፤ «እልፍ በሉ» ደጃፍ ላይ የቆመው እንግዳ ወደ ውስጥ የሚጋበዝበት ቃል ነው። ከሁሉም የሚበልጠው «አለፈለት» ነው፤ ድኻው ከመከራው ወጥቶ ደኅና ኑሮ ሲያገኝ የሚባለው ይህ ነውና፥ ማለፍ በዐውደ ምሕረት የኀዘን ምክንያት በሆነበት በዚያው ቋንቋ፥ በእናቶች አፍ የተስፋ ስም ሆኖ ይኖራል። ስለ ዓለም ኀላፊነት ከጻፉት መካከል ይህን ሁለተኛ ፊት የተመለከተው እጅግ ጥቂት ነው።

እኔ ግን አብልጬ የማደንቀው «አለ» ከሚለው ግስ ጋር ተጣምረው የሚነገሩትን ቃላት ነው። ብርሃን በድንገት ታይቶ ሲጠፋ «ብልጭ አለ» እንላለን፤ ነፋስ ወይም ሽታ ገላን ዳስሶ ሲሄድ «ሽው አለ»፤ ጉም ወይም ጢስ ተበትኖ ሲቀር «ብን አለ»፤ ሄያጁ ዱካ ሳይተው ሲሰወር «እልም አለ»። አንዱን በሌላው ቦታ እንደ ልብ ማስገባት አይቻልም፤ ጢስ እልም ቢል እንኳ መብረቅ ብን አይልም። «ውልብ አለ» ደግሞ ከሁሉ ይረቃል፤ በዐይን ጠርዝ የታየን፣ ሰው ይሁን ጥላ ያልተለየን ነገር ሲገልጽ የታየውን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የተመልካቹንም ጥርጣሬ አብሮ ይመሰክራል፤ በ«ኀላፊ» ውስጥ ግን ተመልካች የለም።

በእነዚህ ቃላት ላይ የሚጨመረው ባዕድ ፊደል ደግሞ ራሱን የቻለ ምርመራ ይገባዋል። «ትዝ አለኝ»፣ «ውልብ አለብኝ»፣ «ብልጭ አለልኝ» በሚሉት ሦስት አነጋገሮች ሁሉ ባለቤቱ የሚያልፈው ነገር ነው፤ ሰውዬው ተቀባይ ብቻ ነው፤ አስታወስሁ ወይም አሰብሁ ብሎ ሥራውን ለራሱ አይወስድም። በ«ብኝ» የሟች ወዳጅ መልክ ሳይጠራ መጥቶ ያርፍበታል፤ በ«ልኝ» መላ ያጣለት ሐሳብ እንደ ስጦታ ይበራለታል። አንድ ሙሉ የፍልስፍና ምዕራፍ ሊሸከመው የሚገባውን፥ ማለትም የሰው ልብ ለሚመጡበትና ለሚሄዱበት ነገሮች ጌታ አለመሆኑን፥ አማርኛ በአንዲት ፊደል ለውጥ ፈጽሞታል፤ ይህን የሚያህል ጥበብ በ«ከንቱ» ክምር ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

ወደ ስምነት ሲለወጡም እኩል አይሄዱም። «ብልጭታ»፣ «ሽውታ»፣ «ውልብታ» ይባላል፤ «እልም» ግን በዚህ መንገድ ስም መሆንን እንቢ ብሎ፥ «እልም ያለ በረሃ»፣ «እልም ያለ እንቅልፍ» በሚሉት ውስጥ የጥልቀት ቃል ይሆናል። «ትዝ» በ«ታ» ሲጸና «ትዝታ» ሆኖ፥ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች የአንደኛው ስም እስከ መሆን ደርሷል።

ታዲያ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆቻችን አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ ድካማቸው ከምስጋና በላይ ቢሆንም፥ የሥርወ ግስ ትምህርት ያቆመው ልማድ ሥር የሌላቸውን እንደ «ሽው» ያሉትን ቃላት እንደ ጭራ እንድናይ አስለምዶናል። ከደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. መዝገብ በኋላ የሚነሣ አዘጋጅ እነዚህን ቃላት ራስ አድርጎ ሊያቆማቸው፥ «ኝ» የሚቀበለውን «ብኝ» ከሚቀበለው ለይቶ ሊጽፍ፥ «ውልብ» ለምን ለዐይን ብቻ፣ «ሽው» ለምን ለገላ እንደ ሆነ ሊያስረዳ ይገባዋል፤ የድርሰት መምህራንም ተማሪው «ኀላፊ ጠፊ» ብሎ ሲጽፍ ከማሞገሳቸው አስቀድመው ያ ነገር ሲያልፍ ብልጭ ብሎ እንደ ሆነ ወይስ ብን ብሎ ይጠይቁት።