ፊልም በጆሮ ይመዘናል

ፊልም በተመረቀ ማግስት የሚሰማው ምስጋና ሁሌም አንድ ነው፦ «ካሜራው ያምራል፤ የውጭ ፊልም ይመስላል»። ምን ታይቶ ነው ሲባል፣ ድሮኑ እንጦጦን ዞሮ መጥቷል፣ ከተዋናይቷ ጀርባ ያለው መብራትም ብዥ ብሏል። ድሮን በቀን ሒሳብ ይከራያል። ብዥታውን የሚሠራው ደግሞ ሌንሱ ነው። ገንዘብ ያለው ሁሉ ነገ ጠዋት ተከራይቶ የሚያመጣው ነገር የሙያ መለኪያ ሲሆን ዝም ማለት አልችልም። በተለይ ከኪሳቸው እያወጡ የመጀመሪያ ፊልማቸውን የሚሠሩ ልጆች በዚህ ውዳሴ ሲታለሉ ማየት ያናድደኛል።

መሠረታዊውን አልዘረዝርም። ታሪክ ይኑረው፣ ተዋናዩ ይተውን፣ ምስሉ ፎከስ አይሳት፤ ይህን የማያውቅ ሰው ካሜራ ባይነካ ይሻላል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በአነስተኛ ገንዘብ፣ ያለ ድርጅት ድጋፍ የተሠራ ፊልም በጆሮ ይመዘናል።

የምስልን ድህነት ተመልካች ይታገሣል። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1974፣ አብዮቱ እየፈላ ሳለ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀርጾታል። የምስሉ ሻካራነት በ1976 ሎካርኖ ፌስቲቫል ላይ ከመሸለም አላገደውም። የድምፅን ድህነት ግን ጆሮ አይታገሥም። ተመልካቹ ምን እንደጎረበጠው አያውቅም፤ ማመኑን ያቆማል፤ ስልኩን ያወጣል።

ጎርባጩ ነገር ይህ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ አለው። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ዝምታ ውስጥ ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳ ያልፋል፣ ሩቅ ጄኔሬተር ይሠራል። የቆርቆሮ ቤት ዝምታ ፀሐይ ስትወጣ ይንጣጣል። ቀራጩ የተዋናዮቹን ንግግር ብቻ ይዞ ከሄደ፣ ኤዲተሩ ሁለት ሾት ሲቀጥል በመካከላቸው ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ክፍሉ ለቅጽበት ይሞትና እንደገና ይነሣል። መድኃኒቱ ምንም አያስወጣም። ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ ሁሉም ባለበት ቆሞ፣ ስልክ ተዘግቶ፣ ባዶው ክፍል ለአንድ ደቂቃ ይቀረጻል። ሩም ቶን የሚባለው ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ግን ለዚያች ደቂቃ የሚቆም የለም። ምሳ መጥቷል፣ መብራት እየተነቀለ ነው፣ የቤቱ ባለቤት በር ከፍቶ ይጠብቃል፣ ተዋናዩ ለሌላ ቀረጻ ቸኩሏል።

ያቺ ያልተቀረጸች ደቂቃ ኋላ በሙዚቃ ትሞላለች። የእኔ ጠብ እዚህ ላይ ነው። የእኛ ፊልሞች ሙዚቃ የሚበዛባቸው ሙዚቃ ስለምንወድ እንዳይመስላችሁ። ወጡ ያረረበት ቤት ዕጣን እንደሚያጨሰው፣ የተበላሸ ድምፅ በኪቦርድ ይታጠናል። ለማረጋገጥ ሙዚቃው የት እንደሚገባ ተከታተሉ። ንግግሩ ባለቀበት ቅጽበት ከፍ ብሎ፣ ንግግር ሲጀመር ዝቅ ካለ፣ ሥራው ጉድጓድ መድፈን ነው። ከውጭ ወደ ቤት በገባን ቁጥር ሙዚቃ ካጀበን፣ የሁለቱ ቦታ ድምፅ አልተቀረጸም ማለት ነው። ማሲንቆው «ገጠር ገባን» ለማለት፣ ፒያኖው «አሁን እዘኑ» ለማለት ብቻ ከመጡ፣ ዳይሬክተሩ ተዋናዩንም እናንተንም አላመነም። ሕጉ አጭር ነው፦ ሙዚቃው ከተዋናዩ ቀድሞ ካለቀሰ ፊልሙ ወድቋል።

ሌሎቹም ምልክቶች ከዚሁ ይወለዳሉ። ጠጠር ላይ የሚሄድ ሰው ኮቴ የለውም። በየቤቱ ያለው በር ሁሉ አንድ ዓይነት ይንቋቋል፤ ከኢንተርኔት የወረደ አንድ በር ነውና። የአዲስ አበባ ሌሊት ያለ ውሻ ጩኸት፣ ንጋቷ ያለ ቅዳሴና ያለ አዛን፣ ማኪያቶ ቤቷ ያለ ስኒ ኳኳታ ይቀርባል። ሰውየው ከመንገድ ማዶ ሆኖ ሲጣራ ድምፁ ጆሯችን ሥር ነው። ይህን ሁሉ አሳልፎ «ጥራት አለው» የሚል ሰው ያየው ፖስተሩን ነው።

አብሬው የሠራሁ አንድ አንጋፋ የድምፅ ባለሙያ ነበር። ናግራ በሚባለው የስዊዝ ቴፕ መቅረጫ ያደገ ነው፤ ጋሼ እንለው ነበር። ቀረጻ ቦታ ከካሜራው ቀድሞ ይደርሳል፤ ጥግ ይዞ ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ተነሥቶ ማቀዝቀዣውን ያጠፋና የመኪናውን ቁልፍ ውስጡ ያስቀምጣል። በየአገሩ ያሉ የድምፅ ሰዎች የሚያውቁት ብልሃት ነው፤ ቁልፉን ሊወስድ ሲመለስ ማቀዝቀዣውን መልሶ ማብራቱን አይረሳም፤ የሰው ሥጋና ወተት አይበላሽም። ዳይሬክተሩ «ካሜራ ዝግጁ ነው ጋሼ» ሲለው፣ «ቤቱ ገና ነው» ይላል። ጀማሪ ረዳቶች በሽማግሌው ወግ ይስቁ ነበር፤ እሱ ግን አንድም ቀን ለማንም ደቂቃዋን አልተወም። የተቀናበረውን ፊልም ስናሳየው ወንበሩን አዙሮ፣ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ይቀመጣል። ሲያልቅ አያጨበጭብም፤ «ሁለተኛው ቤት የት ነው ያለው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ከድምፁ ብቻ መስጠት ካልቻልን ወደ ኤዲቲንግ እንመለሳለን።

ፒያሳ ካሉት ሲኒማ ቤቶች በአንዱ ይሠራ የነበረ ፊልም አጫዋችም አውቃለሁ። እሱ የሚያዳምጠው አዳራሹን ነበር። «ሰው ማሳል ሲጀምር ፊልሙ ሞቷል» ይል ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ሐያሲ አላጋጠመኝም።

ተማሪዎች ይህን ስነግራቸው ፌስቲቫል ይጠሩብኛል፤ ፈረንጅ የሚፈልገው ድህነትና መልክዓ ምድር ነው ይላሉ። «ድፍረት» በ2014 ሰንዳንስም በርሊንም የተመልካች ሽልማት ያገኘው፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን የገባው በተራራ ብዛት አይደለም። የጄሲካ በሽርን «ፋያ ዳዪ» እዩ፤ ወይም እንደ ጋሼ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ስሙት። ሐረርንና ጫትን የያዘ፣ ለዓመታት የተቀረጸ፣ በ2021 ሰንዳንስ ላይ የታየ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ጸሎቱ፣ ሹክሹክታው፣ የሰዉ ትንፋሽ ቦታውን ይሠሩታል። የፌስቲቫል መራጭ ብዙ ጊዜ የሚያየው በላፕቶፕ፣ በጆሮ ማዳመጫ መሆኑንም አትርሱ። ከጆሮ ማዳመጫ የሚደበቅ ጉድጓድ የለም።

በፖስተር ላይ በቅጠል የተከበበው «ኦፊሺያል ሴሌክሽን» ሁሉ ደግሞ አያስደንግጣችሁ። የመመዝገቢያ ክፍያ ተቀብሎ በየወሩ ቅጠል የሚያድል ድረ ገጽ ሞልቷል። የትኛው ከተማ፣ የትኛው አዳራሽ፣ ማን ፊት እንደታየ ጠይቁ። ከ1969 ጀምሮ ዋጋዱጉ ላይ የሚካሄደው ፌስፓኮ በ2009 ለኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ታላቁን የየኔንጋ ፈረስ ሲሰጥ፣ የሸለመው አዳራሽ ሙሉ ሰው ተቀምጦ ያየውን ፊልም ነው።

አንዳንድ ብልጥ ልጅ የኢራኑን ዳይሬክተር ኪያሮስታሚን ያመጣብኛል። በ1990 በሠራው «ክሎዝ አፕ» መጨረሻ፣ ሁለት ሰዎች በሞተር ሳይክል ሲሄዱ ድምፁ እየተቆረጠ ይቀጥላል፤ ማይክሮፎኑ የተበላሸ ያስመስላል። አዎን፣ ግን ኪያሮስታሚ አስቦ ነው የቆረጠው። የሁለት ሰዎችን የግል ወሬ ከእኛ ነፈገን፤ የሰማነው ቁርጥራጭም ከሙሉው በለጠ። ለምን እንደተቆረጠ መናገር የሚችል ዳይሬክተር ይቁረጥ። የማይችል ማይክሮፎኑን ያሠራ።

በጀት ስታወጡ እንግዲህ የመጀመሪያው መስመር ላይ የድምፅ ባለሙያው ይጻፍ፤ የቀረጻ ቦታውንም ከዳይሬክተሩ ጋር አብሮ ይምረጥ። ገንዘብ ካጠረ ከካሜራው ይቀነስ። ለአንድ ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም የማይችል ቡድን ፊልም ለመሥራት ገና አልደረሰም።