በኮምፒውተር የተቀጠሩ ግንበኞች

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ከማናችንም በላይ አምኖ የተቀበለ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም አውቃለሁ። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ይባላል። የሥራ ጊዜ ሰሌዳ ማውጫ ነው። ሰው ጨምሩለት፣ ቀን ይቀንስላችኋል። ሰውየው ከየት እንደሚመጣ ግን አይጠይቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጀውሃ ላይ፣ ከወንዙ ውኃ የሚስብ የመስኖ ቦይ ሲሠራ ሰሌዳውን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። የድንጋይ ግንቡን ሁለት ግንበኞች በ20 ቀን ይጨርሱታል ብዬ ሞላሁ። ማለቂያው ከምርቃቱ ቀን አለፈ። አለቃዬ ስክሪኑን አየና «ይኼ አያስኬደንም፤ አሳጥረው» አለኝ። እኔም ሁለት ግንበኞች ጨመርኩ። የት? ኮምፒውተሩ ላይ ነዋ! ዐይኔ እያየ 20 የነበረው 10 ሆነ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ሄደ። ሰሌዳው ታትሞ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ቦዩ ኅዳር 20 ውኃ ይለቃል።

ነገሩ አስማት የለበትም። ፕሮግራሙ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አስሮ ይይዛል፦ የሥራውን መጠን በሰዓት፣ የሠራተኛውን ብዛትና የሚፈጀውን ቀን። ሁለት ግንበኞች በቀን 8 ሰዓት ለ20 ቀን ቢሠሩ 320 ሰዓት ነው። 320ው አይነካ ብላችሁ ሰው ብታበዙ ቀኑ ያጥራል። ቀኑ አይነካ ካላችሁ ደግሞ ቀኑ ይቆምና የየሰዉ ድርሻ ይቀንሳል። አንዱን ስትነኩ ሌላው መነቃነቁ አይቀርም። ዋናው ጥያቄ «የትኛው ይቁም?» የሚለው ነው። ፕሮግራሙ ይህን ምርጫ በየሥራው ዝርዝር ውስጥ ገባ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ብዙዎቻችን ሳንከፍተው እናልፋለን። ከዚያ ቀኑ በራሱ ተንቀሳቀሰ ብለን እንገረማለን።

ሌላም ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ ካልነገሩት በስተቀር ቀን ማለት 8 ሰዓት፣ ወር ማለት 20 የሥራ ቀን ነው ብሎ ይነሣል። የይፋት ቆላ ግን የራሱ ሰዓት አለው። ቀትር ላይ ድንጋዩ ይፋጃል፤ ሰው ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። አርብ ለጁምዓ፣ በ12 ለሚካኤል ሥራ ይቆማል። የሥራ ቀናችን 6 ሰዓት ነው እንበል። «10 ቀን» ብዬ የሞላሁት 80 ሰዓት ሆኖ ይቀመጣል፤ በ6 ሲካፈል 13 ቀን ከ2 ሰዓት ነው። የሚያስቀው ይኼ ነው፤ በአንዱ ዐምድ ቁጥሩ አሁንም «10 ቀን» ይላል፣ ማለቂያው ግን 14ኛው የሥራ ቀን ላይ ሄዶ ተቀምጧል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ቃሉ የሚለካው ነገር ተለወጠ።

ደግሞስ ሥራ ሁሉ ሎሚ ነው? ኮንክሪት ጥንካሬው የሚፈተሸው በ28ኛው ቀን ነው። መቶ ሰው ዙሪያውን ቢቆም 28ቱ 27 አይሆንም። አሜሪካዊው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይብሱን ያዘገየዋል ብሎ ነበር። አዲሱን ሰው የሚያስተምረው ያው ሥራ የበዛበት ሰው ነውና። እኛ ደግሞ ከሱ ብሰን ያልመጣ ሰው ጨመርን።

ታኅሣሥ ሲገባ ቦዩ ገና ግማሽ ላይ ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሻይ ቤት አገኙኝ። የተለጠፈውን ቀን አምነው በጥቅምት የሽንኩርት ችግኝ አፍልተዋል፤ ዘሩን የገዙት በዱቤ ነው። ችግኙ መደቡ ላይ እያረጀ ነው። አልተቆጡኝም።

«ልጄ፣ ወረቀቱን ልጄ አንብባልኝ ነበር፤ አራት ግንበኛ ይላል። እኔ በየቀኑ ስቆጥር ግን ሁለት ናቸው። ሁለቱ መቼ ነው የሚመጡት?»

ምን ልበላቸው? «ጋሼ፣ እነሱ ኮምፒውተር ውስጥ ናቸው» ይባላል? ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ይኼ የአንዲት ቦይ ጣጣ ብቻ አይደለም። በሸዋ ሮቢት በኩል የሚያልፈው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር ሐዲዱ በአብዛኛው ተዘርግቶ ሳለ የኤሌክትሪክ ኃይል ባለመድረሱ ሥራው ተጓቷል። አንዱ ሥራ ሌላውን ሲጠብቅ የቱንም ያህል ሐዲድ አንጣፊ ቢጨመር ባቡር አይንቀሳቀስም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ሲጀመር በአምስት ስድስት ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር፤ የተመረቀው በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ነው። መዘግየት በየትም አገር አለ። እኔን የሚያስጨንቀኝ መዘግየቱ ሳይሆን የመጀመሪያውን ቀን የምናጠፋበት መንገድ ነው።

ፕሮግራሙን አልኮንንም። እንዲያውም እኛ የማንጠቀምበት አንድ ደግ ነገር አለው፤ የመጀመሪያውን ዕቅድ ለብቻው ያስቀምጥና ስንት ቀን እንደተንሸራተታችሁ ጎን ለጎን ያሳያችኋል። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? «የተከለሰ» ብለን አዲስ ወረቀት በአሮጌው ላይ እንለጥፋለን። የዚያ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ሦስት ወረቀት ተደራርቧል። ሦስቱንም የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

አሁን አንድ ሰው «ቀኑን አሳጥረው» ሲለኝ አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፦ «ግንበኞቹ ስማቸው ማን ነው?» ስም ካለ እጨምራለሁ። ከሌለ ቀኑ ባለበት ይቆማል። አለቆች ይህን ጥያቄ አይወዱትም። ሽማግሌው ግን ቀድመውኝ ጠይቀውታል፤ ያውም ያለ ኮምፒውተር፣ በጣታቸው ቆጥረው።